የተሰበረ ቁርጭምጭሚትና መደገፊያው

በጋ ላይ ከከዚራ ወደ መጋላ በደቻቱ አሸዋ ስንሻገር እግራችን የታጠፈ እንደ ሆነ ወደ ወጌሻ መሮጥ ልማዳችን ነው። ነገር ግን የተሰበረ እግር ያብጣልና በቀርከሃ አጥብቀው ቢያስሩት ደም መተላለፊያ ያጣል፤ እስከ መቆረጥም ያደርሳል። ስለዚህ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተን አስቀድመን ራጅ እንነሣ።

አጥንቱ እስኪገጥም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ጀሶው ወጥቶ ሐኪም ሲፈቅድ የምንመርጠው መደገፊያ ግራና ቀኙ ጠንካራ፥ በማሰሪያ የሚጠብቅና የሚላላ፥ ከጫማ ውስጥም የሚገባ ይሁን። በድሬዳዋ ሙቀት ላብ ቆዳን እንዳይልጥ ከሥሩ የጥጥ ካልሲ እናጥልቅ። ጣቶቻችን ቢቀዘቅዙ ወይም ቢደነዝዙ ፈጥነን እናላላው፤ ካልተሻለን ሐኪም ዘንድ እንሂድ።

መደገፊያው ምርኩዝ ነው፤ እግርን የሚያበረታው ሐኪም ያዘዘው የየዕለት እንቅስቃሴ ነውና አንስነፍ።