በቱርክ ብሔራዊ በዓል ጃፓን ምን አገባት?

 

አገሮች ብሔራዊ በዓላቸውን ሲያከብሩ የምናየው ነገር ብዙም አይለያይም። ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል፣ ወታደር ይሰለፋል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ማታ ደግሞ አምባሳደሮች ግብዣ ይጠራሉ። በግብዣው ላይ «የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት» የሚለው ቃል ሳይነሳ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከምላስ አያልፍም። ዛሬ ይህ ቃል እውነት ሆኖ ስለተገኘበት አንድ በዓል እናወጋለን።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2013 ቱርክ ሪፐብሊክ የሆነችበትን 90ኛ ዓመት ስታከብር፣ በዚያው ዕለት ኢስታንቡል ውስጥ ማርማራይ የተባለው የባቡር መስመር ተመረቀ። መስመሩ በቦስፎረስ የባሕር ወሽመጥ ሥር፣ 60 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አልፎ እስያንና አውሮፓን ያገናኛል። በምረቃው ላይ ከቱርክ መሪዎች ጎን ቆመው ከታዩት እንግዶች አንዱ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ነበሩ። ለሥራው ከዋለው ገንዘብ ከፊሉ ከጃፓን በብድር የተገኘ ሲሆን፣ በባሕሩ ሥር የሚያልፈውን ክፍል ግንባታ የመራውም የጃፓን ኩባንያ ነው።

«ብድር የሚሰጥ አገር ሞልቷል፤ ይህ ንግድ እንጂ ምኑ ወዳጅነት ነው?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ከዚያ ዕለት 123 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ኦሺማ ወደምትባል አንዲት ትንሽ የጃፓን ደሴት መሄድ ይኖርብናል።

እ.ኤ.አ. በ1887 የጃፓኑ ልዑል ኮማትሱ ኢስታንቡልን ጎብኝተው ነበር። ዑስማናዊው ኸሊፋ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ዳግማዊም ለጉብኝቱ ምላሽ ይሆን ዘንድ ስጦታና ኒሻን አስይዘው «ኤርቱግሩል» የተባለችውን የጦር መርከብ ወደ ጃፓን ላኩ። (ስሙ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ በተከታታይ ፊልም የሚያውቀው የዑስማን አባት ስም ነው።) መርከቧ ከእንጨት የተሠራች፣ ዕድሜዋም የገፋ ነበር። በጁላይ 1889 ተነስታ፣ በየወደቡ እየቆመች፣ አሥራ አንድ ወር ያህል ተጉዛ በጁን 1890 ዮኮሃማ ገባች። በመንገዷም በቦምቤይና በሲንጋፖር የሚኖሩ ሙስሊሞች የኸሊፋውን መርከብ ለማየት ወደ ወደቡ ይጎርፉ ነበር።

መልዕክቱ ደረሰ፣ ስጦታው ተሰጠ። መመለሻው ግን ኮሌራ መርከበኞቹን ስለያዛቸው ዘገየ። ጃፓናውያን የአውሎ ነፋሱ ወቅት እስኪያልፍ እንዲቆዩ መክረዋቸው ነበር፤ እነሱ ግን ሴፕቴምበር 15 ቀን ጉዟቸውን ጀመሩ። በማግስቱ ሌሊት በኦሺማ አጠገብ ማዕበሉ መርከቧን ከዓለት ጋር አላተማት። አዛዡን ዑስማን ፓሻን ጨምሮ ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ፤ የተረፉት 69 ብቻ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። ቀደር ነው ብለን እንቀበላለን። ተወኩል ማለት ግን ግመልን ሳያስሩ መተው እንዳልሆነ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

በዚያ ሌሊት ከሞት ያመለጡት ጥቂቶች በጨለማ ገደሉን ወጥተው መርከቦችን በብርሃን የሚመራውን ማማ ጠባቂዎች ደጃፍ ደረሱ። በቋንቋ መግባባት አልተቻለም። ጠባቂዎቹ የየአገሩ ባንዲራ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ ቢያሳዩአቸው ባለ ጨረቃና ኮከቡን ጠቆሙ። የደሴቲቱ ነዋሪዎች ከባሕር በሚያገኙት ዓሣ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ሆኖም ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ስኳር ድንች አወጡ፣ ዶሮዎቻቸውን አረዱ፣ ልብሳቸውን አለበሷቸው፤ በብርድ የደነዘዙትንም በገዛ ገላቸው አሞቋቸው። ሐኪሞቹም የሕክምናውን ሒሳብ እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ ገንዘቡ ለተጎጂዎቹ እንዲሰጥ ጠየቁ እንጂ አልተቀበሉም። ባሕሩ የመለሳቸውን ጀናዛዎች እዚያው ኮረብታ ላይ ቀበሩ።

እህቶችና ወንድሞች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሰዎች ቱርክ የት እንዳለች አያውቁም። ስለ እስልምናም የሰሙት ነገር አልነበረም ቢባል ስህተት አይሆንም። አምባሳደር አልጠራቸውም፣ ጋዜጠኛም አላያቸውም። ያዩት በደጃቸው የወደቀ ሰው ብቻ ነው።

የተረፉትን ሁለት የጃፓን የጦር መርከቦች አሳፍረው በጃንዋሪ 1891 ኢስታንቡል አደረሷቸው። የሕዝቡን መዋጮ ይዞ አብሮ የመጣው ኖዳ ሾታሮ የተባለ ጋዜጠኛ በዚያው ዓመት ኢስታንቡል ውስጥ ሸሃዳ ይዟል።

ከዚያ 95 ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። በማርች 1985 ኢራንና ኢራቅ እየተዋጉ ሳለ ሳዳም ሑሴን ከ48 ሰዓት በኋላ በኢራን ሰማይ ላይ የሚገኝ ማንኛውም አውሮፕላን ይመታል ሲል አወጀ። (ሁለት የሙስሊም አገሮች እርስ በርስ ሲተላለቁ የሌላውን ዓለም መንገደኛ ማስጨነቃቸውን ስናወራ አንገታችንን ደፍተን ነው።) ሌሎች አገሮች ዜጎቻቸውን አወጡ። ቴህራን ለነበሩት ጃፓናውያን ግን ከአገራቸው አውሮፕላን ሊመጣላቸው አልቻለም። የያዙት ትኬትም አልሠራም፤ እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱን ዜጋ ያስቀድማልና። ማርች 19 ቀን የተቆረጠው ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሁለት የቱርክ አየር መንገድ አውሮፕላኖች 215 ጃፓናውያንን አሳፍረው ወጡ። ቴህራን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቱርኮችም ነበሩ። እነሱ ወንበሩን ለእንግዶቹ ለቀው በመኪና፣ በየብስ ወደ አገራቸው ተጓዙ። ጃፓን ውስጥ ብዙ ሰው ለምን እንዲህ እንደተደረገ ግራ ገብቶት ነበር። ቱርኮቹ ግን የኤርቱግሩልን ውለታ አልረሱም ነበር።

እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ እንግዳ አይደለንም። ሰሓቦች መካ ላይ መከራ ሲበዛባቸው ተሰደው የተጠለሉት በዚችው ምድር፣ በነጃሺ ጥላ ሥር ነበር። ኋላ የነጃሺ መልዕክተኞች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጡ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ተነስተው እንዳስተናገዷቸው በሲራ ተዘግቧል። ሰሓቦች ሥራውን ሊረከቧቸው ቢሹም፣ ባልደረቦቼን ያከበሩ ናቸውና በራሴ እጅ ልክሳቸው በሚል መንፈስ አልለቀቁላቸውም። እንግዲህ የመልዕክተኛው አርአያነት ይህ ነው።

«ታዲያ የብሔራዊ ቀን በዓል ማክበር እንዴት ይታያል?» ለሚለው ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። ዒዳችን ሁለት ነው፤ ሦስተኛ የዒባዳ በዓል የሚጨምር የለም። አንድ ሕዝብ በአገሩ ቀን የዋለለትን ሰው ጠርቶ ማመስገኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን። ሱረቱል ሙምተሒናህም በሃይማኖት ላልተጋደሉን፣ ከቤታችንም ላላባረሩን በጎ መዋልንና ፍትሕ ማድረግን አይከለክለንም። ልጆቻችን ስለ ሙስሊሙ የተደረገውን ክፉ ብቻ እየሰሙ እንዲያድጉ ማድረግም፣ በእኛ አመለካከት፣ ሐቅን ማጉደል ነው።

ኋላም መረዳዳቱ ቀጥሏል። በኦገስት 1999 ቱርክን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ የጃፓን መርከቦች ለኮቤ ተጎጂዎች መጠለያ የነበሩ ተገጣጣሚ ቤቶችን ጭነው መጡ። በ2011 ጃፓን ስትመታ ደግሞ የቱርክ ነፍስ አድን ቡድን ሄደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አትሱሺ ሚያዛኪ የተባለ ጃፓናዊ የእርዳታ ሠራተኛ በምሥራቅ ቱርክ ቫን ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎችን ሊረዳ ሄዶ ያረፈበት ሆቴል ተደርምሶበት ሞተ። ቱርኮች በስሙ ፓርክ ሠይመውለታል።

በኦሺማም የመርከበኞቹ መቃብር ዛሬም በኮረብታው ላይ አለ። የአካባቢው ተማሪዎች እየሄዱ ይጠርጉታል።