በዘጌ ጫካ የእግር ጉዞ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

በባሕር ዳር ከተማ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ የ26 ዓመት ወጣት ሊታከም መጣ። ለሁለት ሳምንት ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና ሰውነቱን የሚያሳክክ ሽፍታ ነበረበት። ሌላ ቦታ ተመርምሮ ወባ እንደሌለበት ተነግሮታል፤ የታይፎይድ መድኃኒት ወስዶም አልተሻለውም። «በቅርብ ጊዜ ሐይቅ ውስጥ ገብተሃል?» ብዬ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ከጓደኞቼ ጋር ዘጌን ስንዞር ውለን ነበር። ስንመለስ ሙቀቱ ስለበረታብን ዳር ላይ ዋኘን» አለኝ። ሰገራው ሲመረመር የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነሳሁት ዘጌን እንድትሸሹ አይደለም። እንዲያውም ለብዙ ታካሚዎቼ «ሂዱና ዞራችሁ ተመለሱ» የምለው እዚያ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከጉዞው ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ጉዞው ሲያልቅ በሐይቁ ዳር ከምናደርገው ነገር ነው።

የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በበሬ ማረስ በልማድ የተከለከለበት አካባቢ በመሆኑ ደኑ ቆይቷል፤ ቡናውም በዛፎቹ ጥላ ሥር ይበቅላል። ከጀልባ ማረፊያው ተነስተው፣ በቡናው መካከል ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወጥተው፣ አዝዋ ማርያምን ተሳልመው ወደ ሐይቁ ሲመለሱ ጥሩ የእግር ጉዞ አደረጉ ማለት ነው። መንገዱ ዳገት፣ ድንጋይና የዛፍ ሥር አለበት፤ ሆኖም ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከባድ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ነው። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ የደም ግፊትንና በደም ውስጥ ያለ ስኳርን ለመቆጣጠር ይረዳል፤ እንቅልፍንም ያሻሽላል። መካከለኛ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው። ማውራትም ካቃተዎት እርምጃዎን ይቀንሱ። ደረትዎን ከጨነቀዎት ወይም ካዞረዎት ጉዞውን አቁመው ይቀመጡ። በእረፍት ካልተሻለዎት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የልብ ሕመም ያለባችሁ ወይም የደም ግፊታችሁ ያልተስተካከለ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። የስኳር ሕሙማን ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ለምሳሌ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ብዙ ሰው ጾሞ ይጓዛል። ኢንሱሊን ወስዶ፣ ምግብ ሳይቀምሱ ዳገት መውጣት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ስለ መድኃኒቱ መጠን ሐኪም ጠይቁ፤ በኪሳችሁም ከረሜላ ወይም ስኳር ያዙ። ሁላችሁም የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ የሐይቁን ውሃ እንዲሁ አትጠጡ።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር እንመለስ። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታማሚው ሰው ሰገራ ጋር ወደ ውሃው ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው ጥገኛ በውሃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባና እንደገና ወደ ውሃው ይለቀቃል። ከዚያም ያልቆሰለ ቆዳን እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ወደ ሰው ይገባል። በዓይን አይታይም፤ ውሃው ጥርት ያለ መሆኑም ማረጋገጫ አይደለም። ጥገኛው ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በበረታበት ሰዓት ነው። ያ ደግሞ ከጫካው ወጥተን ላባችንን መታጠብ የምንመኝበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ እግርዎን በሐይቁ አይታጠቡ፤ ልጆችንም አያስዋኙ። ከጀልባ ሲወርዱ ውሃው ውስጥ አይዝለሉ። ለቤተ ክርስቲያን ያወለቁትን ጫማ ከደጁ ሲወጡ መልሰው ያድርጉ። ድንገት ከነኩት ወዲያው በፎጣ አሽተው ያድርቁ፤ ይህ ግን ሙሉ መከላከያ አይደለም። በሐይቁ ዳር አይጸዳዱ፤ የበሽታው ዑደት የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ውሃው ውስጥ ገብተው ከነበረ አይደንግጡ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሽታውን ያክማል። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚገድለው የጎለመሰውን ትል እንጂ ገና የገባውን ስላልሆነ፣ በማግስቱ ገዝቶ መዋጥ አይጠቅምም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተው ይመርመሩ። ከዚያ በፊት ትኩሳት፣ ሳል፣ ሽፍታ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየብዎ ግን ቀን አይቁጠሩ። ሐኪም ዘንድ ሄደው «ጣና ውስጥ ገብቼ ነበር» ይበሉ። ያንን ወጣት ለሳምንታት ያንገላታው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የጠየቀውም የተናገረውም ሰው አለመኖሩ ነው። በሽታው ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ይጎዳል፤ ሆድ ውሃ እንዲቋጥርና ደም እንዲያስመልስ ሊያደርግ ይችላል።

አካባቢው ወባማ መሆኑንም አይዘንጉ። በተለይ ከክረምት በኋላ ከሄዱ፣ ሲመሻሽ ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበሱ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ካለዎት ፈጥነው ደምዎን ይመርመሩ።

ያ ወጣት ታክሞ ድኗል። በቅርቡ ሳገኘው እናቱን ይዞ ዘጌን እንደዞረ ነገረኝ። «ሐይቁስ?» አልኩት። «ከጀልባው ላይ ሆነን አየነው» አለኝ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። መልካም ጉዞ!