በበቆሎ ስታርች ምትክ ምን መጠቀም ይቻላል?
የበቆሎ አለርጂ ላለባቸው ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው

የበቆሎ አለርጂ እንዳለብዎት ሐኪም ከነገረዎት እሸትና የበቆሎ ቂጣ መተው ብቻ አይበቃም። ኮርንስታርች የሚባለው ነጭ ዱቄትም ከበቆሎ ይወጣል። በአስተርጓሚነት ሥራዬ ብዙ ታካሚዎች «በቆሎ አልበላም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ሾርባውና ኬኩ ውስጥ ያለውን ግን አይቆጥሩትም።

ሾርባና ስጎ ለማወፈር
ቀላሉ የድንች ስታርች ነው፤ በእኩል መጠን ይተካል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ምግቡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት፤ ብዙ ከፈላ መልሶ ይቀጥናል። የሩዝ ዱቄት ከሆነ እጥፍ ያድርጉ። የስንዴ ዱቄትም እጥፍ ይፈልጋል፤ የጥሬ ዱቄት ሽታው እስኪጠፋ ይብሰል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግን ስንዴ አይጠቀም። ከአገር ቤት የምናውቀው ቡላም የእንሰት ስታርች ስለሆነ ያወፍራል። በጥቂቱ ይጀምሩ፤ ሌላ ዱቄት እንዳልተቀላቀለበትም ባለሱቁን ይጠይቁ። እንጀራ ሲገዙም እንዲሁ፤ ጤፉ በበቆሎ ዱቄት ተደባልቆ ሊሆን ይችላል።

ለኬክና ብስኩት
እዚህም የድንች ስታርች በእኩል መጠን ይሠራል። ብዙዎቹ ቤኪንግ ፓውደሮችና የዱቄት ስኳሮች ኮርንስታርች አለባቸው። በ1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ፈንታ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ክሪም ኦፍ ታርታር ቀላቅለው ሊጡን ሳያቆዩ ወደ ምድጃ ያስገቡ።

የዕቃውን ጽሑፍ ሲያነቡ
የአሜሪካ ሕግ በግልጽ እንዲጻፉ ከሚያስገድዳቸው 9 የአለርጂ ምግቦች ውስጥ በቆሎ የለም። ስለዚህ ሙሉውን ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው። «ስታርች» ብቻ ከተባለ የበቆሎ ነው ማለት ነው፤ «ሞዲፋይድ ፉድ ስታርች» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ የበቆሎ ነው።

መድኃኒት
ብዙ ኪኒኖች ውስጥ የበቆሎ ስታርች አለ። አለርጂዎን ለፋርማሲስቱ ይንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

የስኳር ሕመም ካለብዎት
ስታርቹን መቀየር ለስኳር አይጠቅምም። የድንቹም፣ የሩዙም፣ የቡላውም ስታርች ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ከበሉ በኋላ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ምላስዎና ጉሮሮዎ ካበጠ፣ የታዘዘልዎት የኤፒነፍሪን መርፌ ካለ ወዲያው ይውጉና 911 ይደውሉ። «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።