ሽቦው ያው ነው፤ የሚለየው ጫፉ ነው

"ዲጂታል መስመር አስገባሁ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ሽቦ የተዘረጋለት ይመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን ሽቦው በአብዛኛው ያው የድሮው ሁለት የመዳብ ክር መሆኑን ነው። የተለወጠው በሁለቱ ጫፍ የተሰካው ዕቃ ነው። ለምሳሌ ጊኒርን እንውሰድ።

አስቀድመን ድምፅ እንዴት ቁጥር እንደሚሆን እንይ። ተራ ስልክ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው (የእናታችን ድምፅ በስልክ ትንሽ የሚለወጥብን ለዚህ ነው)። ዲጂታል ማዞሪያ ጣቢያ ይህንን ድምፅ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካና እያንዳንዱን ልኬት በ8 ቢት ይመዘግበዋል። ሲባዛ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ይሆናል። ይቺን ቁጥር እንያዛት።

በድሮው ዳያል አፕ ኮምፒውተሩ ዲጂታል ቢሆንም ከቤት የሚወጣው መስመር አናሎግ ነው። ስለዚህ ሞደሙ ቁጥሩን ወደ ጩኸት ይለውጠዋል፤ ፍጥነቱም ከ56 ኪሎቢት አያልፍም። አይኤስዲኤን ግን ቁጥሩን እንዳለ እስከ ቤት ያደርሳል። በአንድ ጥንድ ሽቦ ሁለት ባለ 64 መንገዶችና ለጥሪ ማስተባበሪያ አንድ ባለ 16 መንገድ ስላለው፣ በአንዱ እየተነጋገሩ በሌላው መረጃ መላክ ይቻላል።

ከተማን ከከተማ ለማገናኘት ኢ ዋን የሚባለው አለ። 32 ባለ 64 መንገዶች ተደምረው 2048 ኪሎቢት ይሆናሉ፤ አንዱ ለሰዓት ማስተካከያ፣ አንዱ ለጥሪ ምልክት ሲቀነስ ለንግግር 30 ይቀራል። አሜሪካኖች ባለ 24ቱን ቲ ዋን ይጠቀማሉ፤ አገራችን የያዘችው የአውሮፓውን ነው። እንግዲህ የጊኒር ጣቢያ ከሮቤ ጋር በአንድ ኢ ዋን ብቻ ተገናኝቷል እንበል። በኢድ ዋዜማ 30 ሰው ሮቤ ደውሎ እያወራ ከሆነ 31ኛው "መስመሩ ተይዟል" ይባላል። የሚደውልለት ዘመዱ እኮ ስልኩን አልያዘም፤ የሞላው መንገዱ ነው።

ዋናው ጉዳይ ኤዲኤስኤል ላይ ነው። ንግግር ከሽቦው የሚፈልገው እስከ 4 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ኤዲኤስኤል ከዚያ በላይ ያለውን፣ እስከ 1100 ኪሎኸርዝ ድረስ፣ ለመረጃ ያውለዋል። ትንሹን ክፍል ለመላኪያ፣ ሰፊውን ለመቀበያ ይሰጣል። ችግሩ መዳብ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ አስቀድሞ ማድከሙ ነው። ለጣቢያው ቅርብ የሆነ ሱቅ እስከ 8 ሜጋቢት ሊያገኝ ሲችል፣ 5 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ያለ ትምህርት ቤት ጥቂት መቶ ኪሎቢት ቢያገኝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጭራሹን ላይሠራ ይችላል። አምስት ኪሎሜትር በባጃጅ ምንም አይደለም፤ ለመዳብ ግን ሩቅ አገር ነው። ደግሞም ሽቦው እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ አይበርም። መንገድ መንገዱን ዞሮ፣ በካቢኔ አልፎ ነው የሚመጣው። ዝናብ ሲገባ መጋጠሚያው ከረጠበ ደግሞ ቅርብ ያለውም ይደክማል።

ስለዚህ መስመር የሚያስገባ ሰው "ስንት ሜጋ ነው?" ከማለቱ በፊት "ከጣቢያው እስከ እኔ ሽቦው ስንት ሜትር ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ርቀቱ ከበዛ ፋይበር ወይም የሞባይል ኢንተርኔት ያዋጣዋል፤ በእነዚህ የመዳቡ ርዝመት አያግድም።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ኤዲኤስኤል ባለበት ቤት በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ፊልተር ይገባል። አንዱ ከተረሳ ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል፤ ብዙ ሰውም ሞደሙን ነው የሚወቅሰው።