ወደብ ላይ የተያዘው የ115 ሚሊዮን ዓመት በራሪ

የብራዚል ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2013 በሳንቶስ ወደብ ባካሄደው ፍተሻ ከአገር ሊወጡ የተዘጋጁ 3,000 ያህል ቅሪተ አካላት በቁጥጥር ሥር አውሏል። ከእነዚህ መካከል በስድስት የተቆረጠ የኖራ ድንጋይ ነበር። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ከአካሉ ከ90 በመቶ በላይ ያልጎደለ በራሪ እንስሳ ወጣ። ዝርያው ቱፓንዳክቲለስ ናቪጋንስ ይባላል፤ ቴሮሳውር ከሚባሉት በራሪ ተሳቢዎች አንዱ ነው።

ቴሮሳውር ወፍ አይደለም፣ የሌሊት ወፍም አይደለም። ብዙ ሰው እንደሚለው ዳይኖሰርም አይደለም፤ የዳይኖሰር የሩቅ ዘመድ እንጂ። ክንፉን የሚሸከመው አራተኛ ጣቱ ነው። ይህ ጣት ከልክ በላይ ረዝሞ ስስ ቆዳ ተወጥሮበታል። አጥንቱ ውስጡ ባዶ በመሆኑ ቶሎ ይሰባበራል፤ ሙሉ አካል ማግኘት ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው።

የሳንቶሱ በራሪ የመጣው ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ከአራሪፔ ተፋሰስ ነው። በዚያ በኖቫ ኦሊንዳና በሳንታና ዶ ካሪሪ አካባቢ ሠራተኞች ለወለል ንጣፍ የሚሆን ድንጋይ ይፈልጣሉ። ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ ዓሣ፣ ነፍሳት፣ አልፎ አልፎም ቴሮሳውር ብቅ ይላል። ድሃው ድንጋይ ፈላጭ ለደላላ በጥቂት ገንዘብ ይሸጠዋል። ዋጋው የሚንረው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው ድንጋጌ ቅሪተ አካል የአገር ሀብት መሆኑንና ያለ ፈቃድ ማውጣት እንደማይቻል ይናገራል። ሕግ በወረቀት ላይ መስፈሩና በሥራ ላይ መዋሉ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት የሚያስፈልገን አይመስለንም።

ለማስረጃ ያህል፣ ይህ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ስሙ የተሰጠው ግን ጀርመን አገር በገቡ የራስ ቅሎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ከአንገት በታች እንስሳው ምን ይመስላል ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረም። መልሱን የሰጠው ፖሊስ ያስቀረው ድንጋይ ነው። በቪክቶር ቤካሪ የሚመራ ቡድን በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠውን ይህንን አካል በሲቲ ስካን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱን አሳተመ። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2.5 ሜትር ይበልጣል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 40 በመቶው በራሱ ላይ እንደ አውራ ዶሮ ኩክኔ የቆመው ጌጥ ነው! ይህን ሁሉ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መብረር ይከብደዋል፤ አንገቱና እግሮቹ ረጃጅም በመሆናቸውም ምግቡን በአብዛኛው በምድር እየተራመደ ይፈልግ እንደነበር ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። ስድስቱ ቁራጮች በመርከብ ተጭነው ቢሆን ኖሮ ይህ ዕውቀት የአንድ ባለጸጋ ሳሎን ጌጥ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከተሻገሩት መካከል የተመለሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዚህ በራሪ የቅርብ ዘመድ የሆነው የቱፓንዳክቲለስ ኢምፔራቶር የራስ ቅል፣ የላባ ቅሪት እንዳለበት ከቤልጂየም ተመልሷል። በ2023 ደግሞ ጀርመን፣ የብራዚል ተመራማሪዎች ለዓመታት ካሰሙት ጩኸት በኋላ፣ ኡቢራጃራ የተባለውን ዳይኖሰር አስረክባለች። ማረፊያውም ድንጋዩ በሚፈለጥበት ምድር፣ በሳንታና ዶ ካሪሪ ሙዚየም ሆኗል።