«ተኝተሃልን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም

በቋንቋችን «ተኛ» የሚለው ቃል ጋደም ማለትንም በእንቅልፍ መያዝንም ያመለክታል። የአእምሮ ሕመምተኛን የሚመረምር ሰው ይህን ካላስተዋለ ይሳሳታል። ይህ ጸሐፊ ከውጭ አገር ትምህርቱን ፈጽሞ ቢቸና በገባ ጊዜ፣ አንድ ወጣት ሕመምተኛ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሬ ተኛሁ» ቢለው፣ ደኅና አድሯል ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ሕመሙ አገርሽቶበት ታስሮ መጣ። እናቱም፣ ልጃቸው ጋቢውን ተከናንቦ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ብዙ ሌሊት ማንጋቱን ያን ጊዜ ነገሩን። አስቀድሞ እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ በፒትስበርግ የተዘጋጀው የእንቅልፍ መጠይቅ ያለፈውን ወር ይመለከታል። ወደ መኝታ የሚገቡበትን ሰዓት፣ እንቅልፍ እስኪወስድ የሚያልፈውን ደቂቃ፣ የሚነሡበትን ሰዓትና በእውነት ያንቀላፉበትን ጊዜ ለየብቻ ይጠይቃል። ድምሩ ከ0 እስከ 21 ነው፤ ከ5 ካለፈ እንቅልፉ ተጓድሏል ይባላል። መጠይቁ መልካም ነው። ነገር ግን ሰዓት የማያይ ገበሬ በደቂቃ ቢጠየቅ፣ ጠያቂውን ለማክበር ያህል አንድ ቁጥር ይናገራል። «ቤተ ሰቡ ጸጥ ካለ በኋላ ብዙ ቆየህን? የመጀመሪያውን ዶሮ ሰማህን? ሁለተኛውንስ?» ቢሉት ይሻላል። ለማኅሌት የሚነሣውን ካህን ግን እንቅልፉ ስላጠረ ብቻ በሽተኛ ነው ማለት አይገባም።

የማጣቱም ዓይነት መለየት አለበት። ሳይነጋ ነቅቶ በኀዘን የሚቃትት ሰው ድብርት ሊኖርበት ይችላልና፣ ሞትን ይመኝ እንደሆነ በግልጽ ይጠየቅ፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ጥቂት አንቀላፍቶ ሳይደክም ንግግሩና ብርታቱ የበዛ ሰው ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይምጣ። ቀን የሚያንቀላፋውን ደግሞ «ሰነፍ» ከማለት በፊት መድኃኒቱን መመልከት ነው፤ ክሎርፕሮማዚን እንቅልፍ ያበዛል። መድኃኒቱን ግን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው። የማታ ቡናና ጫትም ይጠየቁ። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱን ግን ይቆራርጠዋል።

የዚያ ወጣት እናት ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው ሳያንቀላፋ ላነጋበት ሌሊት ሁሉ አንድ ባቄላ በጣሳ ይጥላሉ። ባለፈው ቀጠሮ 9 ባቄላ ይዘው መጡ፤ መድኃኒቱም በዚያው ቀን ተስተካከለ።