የሞተር ማርሚታ ሲቀየር፦ ድምፁ፣ ደጋው እና የጎረቤት ሐቅ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ታማሚ ያመላልሳል፣ ነጋዴውን ከገበያ ገበያ ያደርሳል፤ ለብዙ ወጣት ወንድሞቻችንም የቤታቸው ቀለብ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከዚህ ሞተር ላይ ቶሎ ከሚያረጁት ክፍሎች አንዱ ማርሚታው ነው። ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት ያዝገዋል፣ የጠጠር መንገዱ ያላላዋል፣ አንድ ቀን ብየዳው ይለቅና ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ያኔ ባለሞተሩ ሌላ ማርሚታ ፍለጋ ይወጣል። የተበላሸበትን ከሚተካው ጎን ግን ሌላም ገዢ አለ፤ ማርሚታው ደህና ሆኖ ሳለ ሞተሩ እንዲያገሣለት ብቻ የሚቀይር። የምንጽፈው ለሁለቱም ነው። ሁለተኛው ወንድማችን ግን ደስ የማይለው ነገር ሳንነግረው አናልፍም።

ማርሚታ ድምፅ ማፈኛ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሞተሩ ውስጥ ቤንዚን በተቃጠለ ቁጥር የጋለ ጭስ በግፊት ተወርውሮ ይወጣል። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር 3,000 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው። ማርሚታው ያንን ግፊት በውስጡ ባሉት ጓዳዎችና በተበሳሱ ቱቦዎች እያዞረ ያደክመዋል። በሌላ ዓይነት ማርሚታ ደግሞ ቱቦውን የከበበ የመስታወት ሱፍ አለ፤ ድምፁን የሚውጠው እሱ ነው። የቱቦው ርዝመት፣ የውስጡ ስፋትና ካርቡሬተሩ የሚሰጠው የቤንዚን መጠን በፋብሪካው ተመጣጥነው የተሠሩ ናቸው። አንዱ ሲነካ ሌሎቹም ይነካሉ።

ስለዚህ ማርሚታውን መብሳት ወይም የውስጡን ቱቦ አስወጥቶ ባዶ ቆርቆሮ ማስቀረት ጉልበት ይጨምራል የሚለው ወሬ በትንንሽ ሞተሮች ላይ አይሠራም። እንደ ቦክሰር ያለ 150 ሲሲ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጭነት እንዲጎትት የተሠራ ነው። ጭሱ ያለ አንዳች መቋቋሚያ ሲወጣለት ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ያንኑ የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ነው፤ ዳገት ላይ ሁለት ኩንታል ጭኖ ሲነሳ የሚያስፈልገውን ማለት ነው። ጆሮ ግን ይታለላል። የጮኸ ሁሉ የበረታ ይመስላል።

የእኛን አካባቢ ከሌላው የሚለየው ደግሞ ከፍታው ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በደብረ ታቦር በኩል የጉናን ተራራ እየታከከ የሚወጣው መንገድ ነፋስ መውጫ ሲደርስ 3,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በወረታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አሥር እጅ ስምንቱ ያህል ሲሆን፣ በነፋስ መውጫ ሰባቱ ያህል ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይደክማል።

እንግዲህ ነፋስ መውጫ ላይ ክፍት ማርሚታ ያስገጠመ ሰው ሞተሩ የተሻለው ቢመስለው አይገርምም። ጭሱ ሲቀለው ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፣ በዝቶ የነበረው ቤንዚን ይመጣጠናል። ማርሚታው ጉልበት ሰጠኝ ብሎ ይደሰታል። ያው ሞተር ወደ ፎገራ ሜዳ ወይም ከስማዳ ወደ በሽሎ በረሃ ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ይግላል፤ ሲብስ የጭስ መውጫ ቫልቩ ይቃጠላል፣ ፒስተኑም ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ከማርሚታው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሞተሩ በቆመበት ቀን ሁሉ ደግሞ ቤቱ ገቢ የለውም። የቤንዚኑን መጠን በኮምፒውተር የሚቆጣጠሩት አዳዲስ ሞተሮች ለውጡን በከፊል ያስተካክሉታል፤ ካርቡሬተር ያለው ግን ራሱን አያስተካክልም።

በግብርና ባለሙያዎች እጅ ስለሚታዩት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች አጭር ነገር እንበል፦ የእነሱን ማርሚታ ቅርፅ ፈጽሞ መንካት አይገባም። ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ የሚጠብበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ቤንዚን በግፊት ሞገድ ወደ ሲሊንደሩ የሚመልሰው እሱ ነው። ጥላሸት ከዘጋው ማጽዳት እንጂ መቁረጥ አያስፈልገውም።

ሲገዛ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ልክ ነው። በብዙዎቹ የህንድ ሞተሮች ላይ ከሲሊንደሩ የሚነሳው ቱቦና ማርሚታው አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው። የኋላውን ብቻ ለመቀየር ቱቦውን መቁረጥ ግድ ይላል፤ የተቆረጠው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ለሞዴሉ የተሠራውን ሙሉውን ማርሚታ መግዛት ይሻላል ባዮች ነን። ተነቃይ ለሆነው የቱቦውን ውጫዊ ስፋት ለክቶ መሄድ ነው፤ በዓይን ግምት የተገዛ ማርሚታ በጨርቅና በሽቦ ታስሮ ያልቃል። ጎኑ ላይ የተለጠፈ ስም አያታልል። የስሎቬኒያው አክራፖቪችና የጃፓኑ ዮሺሙራ የታወቁ አምራቾች ናቸው፤ በስማቸው የሚሸጡ ቅጂዎችም በዓለም ገበያ ሞልተዋል። ጫፉ ላይ በአንዲት ብሎን የተያዘ ድምፅ መቀነሻ ቱቦ ካለው፣ ያ ቱቦ እንዲወጣ የተሠራ ጌጥ አይደለም፤ ባለበት ይቆይ።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ በደንብ ከበረደ በኋላ ነው። ማርሚታውን ከቴስታታው ጋር የያዙት ሁለት ዳዶዎች ዝገው ስለሚቆዩ፣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ የዝገት ማለስለሻ ዘይት መጠጣት አለባቸው። በጉልበት የተፈታ ዳዶ ብሎኑን ይሰብራል፤ ከቴስታታው ውስጥ የተሰበረ ብሎን ማውጣት የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፤ የግማሽ ሰዓቱ ሥራ የቀናት ይሆናል። እንቢ ካለ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው አዙሮ እንደገና ወደ መፍቻው መመለስ፣ እንደዚያ እያመላለሱ ማላቀቅ ነው።

አሮጌው ከወረደ በኋላ በቴስታታውና በቱቦው መካከል ያለችው ቀለበት፣ ጓርኒሲዮኗ፣ በአዲስ ትተካ። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀች ጓርኒሲዮን ዳግመኛ በደንብ አትዘጋም። ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎች ይንቋታል፤ ብዙው ችግር የሚመጣው ግን ከእሷ ነው። አዲሱ ማርሚታ ሲገባ ሁሉም ብሎኖች በእጅ ብቻ ይያዙ። ከዚያ የቴስታታው ሁለት ዳዶዎች እየተፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ፤ የኋላው ማሰሪያ የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው። ማሰሪያው ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ካለ በጉልበት ጎትቶ ማሰር አይገባም፤ ተወጥሮ የታሰረ ቱቦ በእኛ መንገድ ንዝረት ይሰነጠቃል። በማሰሪያው ላይ የነበረው ላስቲክም ይመለስ። ሁለት ሰው ተቀምጦበት አሞርዛተሩ ሲወርድ ማርሚታው ጎማውን፣ የፍሬኑን ዘንግ ወይም ሌላ ነገር እንዳይነካ ይታይ።

ሙከራው ደጅ ይሁን። በር ዘግቶ ሞተር ማስነሳት ሕይወት ያጠፋል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነጭ ጭስ ቢታይ የፋብሪካ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ አያስደነግጥም። ከቴስታታው ሥር የሚሰማ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ወይም ቤንዚን ሲለቀቅ የሚሰማ ፍንዳታ ግን ብዙ ጊዜ አየር መግባቱን ያሳያል። ከጥቂት ቀን መንገድ በኋላ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ነው። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ የጠቆረው ቤንዚን በዝቶበታል፤ የነጣው አንሶታልና ካርቡሬተሩን የሚያውቅ መካኒክ ያስተካክለው። ይህ ምርመራ ሞተሩ በብዛት በሚሠራበት ከፍታ ላይ ይደረግ፤ ቆላ የሚወርድ ከሆነ እዚያም ይደገም።

ተሳፋሪውንም አንርሳ። አንዳንዱ ከገበያ የሚገዛ ማርሚታ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ የለውም። እናቶቻችንና እህቶቻችን ረዥም ልብስ ለብሰው ነው የሚቀመጡት፤ ጨርቁ የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ ይቀልጣል፣ ከቆዳም ይጣበቃል። መከላከያ የሌለውን ማርሚታ ያለ መከላከያ አታስገጥሙ። ካቃጠለ ደግሞ ቦታውን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ ነው፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም።

አሁን ወደ ድምፁ። ዴሲቤል የሚባለው የድምፅ መለኪያ እንደ ኪሎ በእኩል አይጨምርም፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ተቋም ምክር መሠረት ጆሮ 85 ዴሲቤል ድምፅ መስማት ያለበት በቀን ከ8 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ 100 ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ማርሚታው የተከፈተ ሞተር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው መጀመሪያ የሚጎዳው የራሱን ጆሮ ነው።

ቀጥሎ ጎረቤቱን። ጋይንት የምትታወቅበት አንዱ ነገር ቤተ ልሔም ናት፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያ። እዚያ ተማሪው የሚማረው ከመምህሩ አፍ እየሰማ ነው። የእኛም ደረሶች ቁርኣንን የሚሐፍዙት እንዲሁ በጆሮ ነው። ከሱብሒ በፊት ሥራ የሚጀምር ወንድም በማንም በር ሲያልፍ፣ የታመመና ሕፃን ያለበት ቤት እንዳለ ያስብ፤ የጎረቤት ሐቅ ሃይማኖቱን አይጠይቅም። በአገሪቱ ሕግም ቢሆን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ወሰን እንዲወጣለት ይደነግጋል።

ከገጠመ በኋላ ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ቀጥሎ፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ፣ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ፤ ጓርኒሲዮኗ በሙቀት ስለምትቀመጥ ትንሽ ይላላሉ። የወረደውን የፋብሪካ ማርሚታ ደግሞ ለቆሻሻ ብረት ገዢ ከመስጠት በፊት ጥሩ በያጅ ይየው። ቀዳዳው ከውጭ ከሆነና የውስጡ ጓዳ ካልፈረሰ፣ ተበይዶ ከአዲሱ የተሻለ የሚያገለግልበት ጊዜ ብዙ ነው።